ጄሪን በቬክተር ሠርቼ ፕሎተር ላይ ጠርዙ ተበላሸ፤ የካርቱን መስመር እንዴት ነው የሚጠራው?

ብርዳም ከተማ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

የቶም እና ጄሪን ጄሪ ኢንክስኬፕ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ሠራሁ። ለታላቅ ወንድሜ ባጃጅ የኋላ መስታወት ስቲከር እንዲሆን ነው። ልጆቹ ጄሪ ካልተለጠፈ ብለው ይዘውኛል። ከቪዲዮ ላይ ስክሪንሾት አነሳሁ፣ ፎቶን በራሱ ወደ መስመር በሚገለብጠው «ትሬስ ቢትማፕ» ወደ ቬክተር (ከፒክስል ይልቅ በነጥብና በመስመር ወደሚሠራ ሥዕል) ቀየርኩት፣ ቀለም ሰጠሁት። ስክሪን ላይ አሪፍ ነበር።

ስቲከር ቤት ፕሎተሩ (በምላጭ የሚቆርጠው ማሽን) ሲቆርጠው ግን የጆሮው ዙሪያ ጥርስ ጥርስ አወጣ። ምላጩ በአንድ ትንፋሽ መዞር ሲገባው እየቆመ፣ እየተንገጫገጨ ነው የሄደው። ጢሙማ ጭራሽ ተቀደደ። ቬክተር ግድግዳ ቢያክል አይበላሽም ሲባል ነው የምሰማው። ታዲያ ይሄ ከምን የመጣ ነው?

ሌላም አለ። ሥዕሉ ጄሪን ይመስላል፣ ግን ጄሪ አልሆነም። ዓይኑ ሰው አያይም። ምን እንደጎደለው ለይቼ መናገር አቃተኝ። እሱንም የሚያስረዳኝ ካለ በጣም ደስ ይለኛል።

ጣርማበር

የጭንቅላቱን ቅርጽ ብቻ ምረጠው። ኢንክስኬፕ ከታች ባለው መስመር ላይ የኖዱን (ቅርጹን የያዙትን ነጥቦች) ብዛት ይጽፍልሃል። ስንት ይላል?

ብርዳም ከተማ

ከአንድ ሺህ በላይ ነው የሚለው። ጆሮውና ጭንቅላቱ አንድ ላይ ናቸው።

ጣርማበር

በቃ፣ ነገሩ እሱ ነው። ፕሎተር ምላጩን የሚነዳው ኖዶቹን ተከትሎ ነው። ኖድ በበዛ ቁጥር አቅጣጫ መቀየር ይበዛበታል። ለጄሪ ጆሮ አምስት ስድስት ኖድ ከበቂ በላይ ነው። እዚህ ቤት «ቀጭን መስመር» የምትባለዋ ስትገባ በደንብ ታስረዳሃለች፤ የዚህ ነገር ሰው እሷ ናት።

ቀጭን መስመር (ደብረ ሲና)

መጣሁ። ረዘም ያለ ነው፣ ቡናህን ይዘህ አንብበው።

ትሬስ ቢትማፕ ሥዕሉን አያውቀውም። ጆሮ ይሁን ጥላ፣ መስመር ይሁን ብናኝ አይለይም። የሚያየው የጠቆረና የነጣ ፒክስል ብቻ ነው። ቪዲዮ ደግሞ ፋይሉ እንዲቀል ተጨምቆ ነው የሚመጣው። ሲጨመቅ በጠርዞች ዙሪያ ትንንሽ ጉድፍ ይቀራል። ትሬሱ ያንን ጉድፍ አንድም ሳያስቀር ይከተለዋል። ቬክተር ሲተልቅ አይበላሽም የሚባለው እውነት ነው። የተበላሸ መስመርም ግን አብሮ ይተልቃል። ስልክ ላይ ያልታየህ ጉድፍ የባጃጅ መስታወት ላይ ወጣ ማለት ነው።

ስለዚህ በእጅህ ሥራው። ስክሪንሾቱን ከታች ባለ ሌየር (ንብርብር) አስቀምጠህ ደብዘዝ አድርገውና ቆልፈው። ከላዩ አዲስ ሌየር ክፈት። «ቢ»ን ስትጫን መስመር መሳያው ፔን ይመጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ጥያቄ አንድ ነው፤ ኖዱን የት ላስቀምጥ?

መልሱ፣ መስመሩ በሚታጠፍበት ጫፍ ላይ ነው። የጆሮው ከፍተኛ ቦታ፣ ዝቅተኛው ቦታ፣ የግራ ዳር፣ የቀኝ ዳር። በመካከላቸው ምንም አታስገባ። መካከሉን የሚሞሉት ከኖዱ የሚወጡት ሁለት እጀታዎች ናቸው። ክብ ሥራና «ኦብጀክት ቱ ፓዝ» በሚለው ወደ ፓዝ (በኖድ ወደሚታረም መስመር) ቀይረው፤ ከዚያ በኖድ መሣሪያው እየው፣ «ኤን»ን ተጫን። ክብ በ4 ኖድ ነው የሚቆመው። እጀታዎቹ ወይ አግድም ወይ ሽቅብ ቀጥ ያሉ ናቸው። ርዝመታቸው የክቡን ሬዲየስ 0.55 ያህል ነው። ይህንን መጠን ዓይንህ ከለመደው ጆሮም፣ ጉንጭም፣ ሆድም በዚያው ይሠራል። እጀታው ከዚህ በጣም ሲረዝም መስመሩ ያብጣል። ሲያጥር ደግሞ ኖዱ ላይ ክርን ያወጣል።

የጆሮው ሥር ከጭንቅላቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሹል መሆን አለበት። እዚያ ያለውን ኖድ መርጠህ ሺፍት ሲ በለው። ለስላሳ እንዲሆን የምትፈልገውን ሺፍት ኤስ። ብዙ ሰው ሁሉንም ለስላሳ ያደርግና ገጸ ባሕርዩ እንደቀለጠ ይሆንበታል። ሹሉ ቦታ ሹል ሲሆን ነው ለስላሳው የሚያምረው።

ኮንትሮል ኤልን ሰዎች ይነግሩህ ይሆናል፤ ኖድ ይቀንሳል። አዎ ይቀንሳል። ግን ቶሎ ቶሎ ደጋግመህ ስትጫነው ኃይሉ እየጨመረ ነው የሚሄደው፣ ቅርጹን ይበላዋል። አንዴ ተጫነውና እጅህን አንሳ። የቀረውን ራስህ እያየህ አጥፋ።

አንድ የምወደውን ነገር ላንሳ። ይህ የመስመር ስሌት የተሠራው ለሥዕል አልነበረም። ፈረንሳይ ውስጥ ሲትሮኤን ፋብሪካ ፖል ደ ካስተልዦ፣ ሬኖ ፋብሪካ ደግሞ ፒየር ቤዚዬ ለየብቻቸው የሠሩት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ። የፈለጉት የመኪናን አካል ኩርባ ለማሽን በጥቂት ቁጥር መንገር ነበር። እኛ ዛሬ ፔን የምንለው እሱን ነው። ባጃጅ ላይ ልትለጥፈው መሆኑን ሳነብ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው።

ስለ ዓይኑ ማታ እመለሳለሁ።

ኮሎ በኪስ (ደብረ ብርሃን)

ቀጭን መስመር፣ አክብሬሽ ነው፣ ግን ትሬስን እንዲህ ማውገዝ ልክ አይመስለኝም። እኔ የምሠራው ማተሚያ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ኮረልድሮው በሚባለው ፕሮግራም ትሬስ እናደርጋለን፤ ሥራው ይወጣል። ችግሩ የሚገባው ምስል ነው። ልጁ ሥዕሉን በነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ማርከር አጥርቶ ቢያወጣው፣ በቀን ብርሃን ጥላ ሳይኖርበት ፎቶ ቢያነሳው፣ ኮንትራስቱን ጨምሮ ትሬስ ቢያደርገው ንጹሕ ይወጣ ነበር። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ አንድ በአንድ ኖድ መትከል አይቻልም።

ቀጭን መስመር

ወረቀት ላይ በማርከር ከተጠራ በኋላ ለተደረገ ትሬስ ተቃውሞ የለኝም። እዚያ ላይ መስመሩን የወሰነው እጅ ነው፤ ማሽኑ ገለበጠው እንጂ። ለደንበኛ ሎጎም ያስኬዳል። ግን ይህ ልጅ የጠየቀው «ጄሪ አልሆነም» ብሎ ነው። ከተጨመቀ ቪዲዮ በቀጥታ ትሬስ ያደረገ ሰው ጄሪን አንድም ጊዜ አልሣለውም። ጆሮው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ እጁ አያውቅም። ኖድ እየተከልክ ስትሄድ ግን ለእያንዳንዱ ኩርባ መልስ መስጠት አለብህ። እዚያ ነው የምትማረው።

ኮሎ በኪስ

እሱስ እውነት ነው። ለመማር ከሆነ በእጅ ይሻላል፣ ተስማምተናል።

ታፔላ ሠሪው (ሸዋ ሮቢት)

ልጆቼ፣ እኔ በኮምፒውተር አልሠራም። በብሩሽ ታፔላ ስጽፍና ግድግዳ ላይ ሥዕል ስሥል ነው ያረጀሁት። ልጄ ይህንን ጽሑፍ አነበበልኝና አንድ ነገር ልበል ብዬ ነው።

ይህቺ ልጅ ኖድ የምትለው እኛ «ማረፊያ» የምንለው ነገር ይመስለኛል። ትልቅ ፊደል ግድግዳ ላይ ስንጽፍ ብሩሹ የት እንደሚነሣና የት እንደሚያርፍ መጀመሪያ በጠመኔ ነጥብ እናደርጋለን። ከነጥብ ነጥብ ሳናቆም ነው የምንስበው። በአንጓችን አይደለም፣ በትከሻችን ነው። በመሐል ያመነታ ሰው መስመሩ ላይ ይታወቅበታል። እንደ እርሻ ነው፤ በሬውን በየእርምጃው የሚጎትት ገበሬ ፈሩ ይጣመማል፣ ዳሩን እያየ የሚነዳ ግን ቀጥ ያደርገዋል።

ሌላው፣ መስመር አንድ ዓይነት ውፍረት ሲኖረው ሥዕል ሽቦ ይመስላል። ክብደት ባለበት ወፍራም ይሁን፤ ከሆድ ሥር፣ ከእግር በታች፣ ጥላ በሚያርፍበት። ፊት ላይ ግን ይቅጠን። ሕፃንም ሆነ እንስሳ ስትሥሉ ፊት ላይ መስመር ካወፈራችሁ ታስረጁታላችሁ።

ቀጭን መስመር

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ በረጅሙ ልል ያሰብኩትን እርስዎ በአጭሩ አሉት። ማታ እጽፋለሁ ያልኩትም ከዚሁ ይጀምራል።

ቶም እና ጄሪ በተጀመረበት ዘመን ካርቱን ሲሠራ የእርሳሱ ሥዕል በግልጽ ሴሉሎይድ ላይ በእጅ፣ በቀለም ይገለበጥ ነበር። የገልባጩ እጅ ሲጫን መስመሩ ይወፍራል፣ ሲለቅ ይቀጥናል። የድሮ ካርቱን ሞቅ የሚለን በዚህም ነው። ኢንክስኬፕ ላይ ስትሮኩን (የዙሪያውን መስመር) 3 ፒክስል አድርገህ ዙሪያውን ስትከበው ይህ ሁሉ ይጠፋል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ፓወር ስትሮክ የሚባለው ኢፌክት ነው፤ መስመሩ ላይ በፈለግከው ቦታ ውፍረቱን እየጎተትክ ትቀይራለህ። ሁለተኛውን እኔ እመርጣለሁ። ጥቁሩን ሙሉ ቅርጽ አድርገህ ሥራው፣ ቡናማውን አካል ከላዩ ትንሽ አሳንሰህ አስቀምጠው። በሁለቱ መካከል የሚታየው ጥቁር ነው መስመርህ። ከታች በኩል ሰፋ፣ ከላይ በኩል ጠበብ እንዲል ቡናማውን ወደ ላይ ትንሽ ትገፋዋለህ። ለፕሎተርም ይህ ይሻላል፤ ምላጩ የስትሮክን ውፍረት አያውቅም፣ መካከሉን ነው የሚቆርጠው። ስትሮክ ከተጠቀምክ መጨረሻ ላይ «ስትሮክ ቱ ፓዝ» ማድረግህን አትርሳ።

አሁን ዓይኑ። ሁለት ነገር ፈትሽ። አንዱን ዓይን ሠርተህ ለሌላው ገልብጠኸው ከሆነ ስህተቱ እዚያ ነው። ጭንቅላቱ ትንሽ ዞር ካለ ወደ ኋላ የሄደው ዓይን ጠበብ ይላል። ሁለተኛ፣ ብሌኖቹ አንድ ነገር ማየት አለባቸው። ከሁለቱም ብሌን በምናብህ መስመር ሳብ። መስመሮቹ አንድ ቦታ ካልተገናኙ ጄሪ የትም እያየ አይደለም። ባዶ የሆነብህ ለዚህ ይሆናል። ተንኮል ሊሠራ ያሰበ ጄሪ ከሆነ ደግሞ የላይኛው ቆብ የብሌኑን ጫፍ በትንሹ ይሸፍነው። ብሌኑ በነጭ ተከቦ ተንሳፍፎ ሲቀር የደነገጠ ነው የሚመስለው።

ሲያልቅ ሁሉን መርጠህ «ኤች»ን ተጫን። ሥዕሉ ግራና ቀኙ ይገለበጣል። ዓይንህ የለመደው ጥፋት ሁሉ ወዲያው ይታይሃል።

የጓሳ ቀበሮ (መሐል ሜዳ)

እኔ ደግሞ ስለ ስክሪንሾቱ ልጨምር፤ ማንም ስላላነሳው።

ቶም እና ጄሪ ስንል አንድ መልክ ያላቸው ይመስለናል። አይደሉም። ዊሊያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ እ.ኤ.አ. በ1940 ኤምጂኤም ፊልም ስቱዲዮ ውስጥ ሲጀምሩት ድመቱ ቶም እንኳ አልነበረም፣ ጃስፐር ነበር የሚባለው። ፀጉሩ የበዛ፣ ፊቱ ላይ መስመር የበረከተ ድመት ነው። በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ እየቀለለና እየለሰለሰ መጣ። በ1963 ቸክ ጆንስ ሲረከበው ደግሞ ቅንድቡ ወፈረ፣ የጄሪም ጆሮና ዓይን ተለቀ። ከአንዱ ዘመን ጆሮ፣ ከሌላው ዓይን ከወሰድክ ቴክኒክህ ምንም ቢጠራ ፊቱ አይገጥምም። መጀመሪያ ዘመኑን ምረጥ። ከዚያው ዘመን አራት አምስት ፍሬም (ከቪዲዮው የቆመ ምስል) ሰብስብ፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ሲስቅ፣ ሲሮጥ። የካርቱን ስቱዲዮዎች ሞዴል ሺት የሚሉት ይህንን ነው። ብዙ ሠዓሊ አንድ ገጸ ባሕርይ ሲሥል መልኩ እንዳይለያይ ሁሉም ፊት ለፊቱ ያስቀምጠዋል።

ፍሬም ስትመርጥ ደግሞ ገጸ ባሕርዩ የቆመበትን ፈልግ። ሲሮጥ የተያዘ ፍሬም እግሩም እጁም ተለጥጦ፣ ተዛብቶ ነው የሚገኘው። ፊልሙ ሲሄድ ያምራል፣ ቆሞ ሲታይ ግን ያስደነግጣል። ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ላይ ቪዲዮውን አቁመህ «ኢ»ን ስትጫን በአንድ አንድ ፍሬም ይሄድልሃል።

ከሚኪ ማውስ ጀምሮ መለማመድም ጥሩ ነው። በ1928 የወጣው ሚኪ ክብ በክብ ነው፤ ጓንት የለውም፣ ዓይኑም ጥቁር ሞላላ ነጥብ ነው። ጭንቅላቱ ወዴትም ቢዞር ጆሮዎቹ ክብ ሆነው ነው የሚታዩት። በጥቂት ኖድ ምን ያህል መልክ እንደሚወጣ ከሱ የተሻለ የሚያሳይ የለም።

ብርዳም ከተማ

ወይ ጉድ፣ ስንት ነገር ነው! ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እርስዎንም በጣም።

ጆሮውን እንደ አዲስ በ5 ኖድ ሠራሁት። ልዩነቱ በዓይን ይታያል። የቪዲዮውንም ነገር አየሁ፤ ስክሪንሾቱ ሲሮጥ የተያዘ ነው፣ ስለዚህ ሌላ ፍሬም መርጫለሁ።

አሁን ሌላ ሐሳብ መጣ። ወንድሜ «እዚህ ብርድ ውስጥ ራቁቱን ከሚሄድ በርኖስ አልብሰው» አለኝ። ሐሳቡ ገባኝና ወደድኩት። ግን የበግ ፀጉር በቬክተር እንዴት ይሠራል? ፀጉር ፀጉር እያልኩ ብጀምር ኖዱ ተመልሶ ሺህ ይገባል።

የጓሳ ቀበሮ

ይሄ ደስ የሚል ሐሳብ ነው! ለእኛ ለመንዝ ልጆች በርኖስ የለበሰ ጄሪ ማለት በቃ የቤት ልጅ ማለት ነው።

ፀጉሩን አትሥለው። በርኖስ ከሩቅ የሚታወቀው በቅርጹ ነው። ትከሻው ላይ ሾጠጥ ብላ የምትወጣውን ጫፍ አትርሳት፤ እሷ ከሌለች ማንኛውም ካባ ይሆናል። ከትከሻው እስከ ታች ሰፋ እያለ ይውረድ። ወፍራም ልብስ ስለሆነ እጥፋቱ ጥቂትና ትልልቅ ነው። ሁለት ወይም ሦስት የእጥፋት መስመር ይበቃል፤ ከላይ ቀጥነው ወደ ታች የሚወፍሩ። ቀለሙን ጠቆር ያለ ቡናማ አድርገው፤ የጄሪ ቆዳም ቡናማ ስለሆነ ግን እንዳይዋሃዱ በደንብ ይራራቁ። የበግ ፀጉር መሆኑን ማሳየት ካማረህ የታችኛው ጠርዝ ላይ ብቻ አለፍ አለፍ አድርገህ ትንሽ ሾጠጥ ያሉ ጫፎች አውጣ። ቀሪውን ተመልካቹ ራሱ ይሞላዋል።

ቀጭን መስመር

የጓሳ ቀበሮ ያለው ትክክል ነው። አንድ መፈተኛ አለኝ፤ ሥዕሉን በሙሉ ጥቁር ሙላው። ጥቁር ሆኖም ጄሪ መሆኑና በርኖስ መልበሱ ከታወቀ ቅርጹ ይዟል። ካልታወቀ የጎደለው ቅርጹ ነው፤ ቀለም አይደብቀውም። በርኖሱ ሁለቱንም ጆሮ ከሸፈነብህ ለምሳሌ ጄሪ ጠፋ ማለት ነው። ጅራቱም ከካባው ሥር ወጥቶ ይታይ።

ገጸ ባሕርዩን ልብስ ስታለብሰው የአካሉ ሌየር ከሥር ሙሉ ሆኖ ይቆይ። ካባውን ከላዩ በሌላ ሌየር ሥራ። የማይታይ ነው ብለህ ትከሻውን ሳትሥል ካለፍክ ካባው በአየር ላይ የተሰቀለ ነው የሚመስለው።

ሕግ ተማሪዋ (ደብረ ብርሃን)

እኔ ሥዕል አልችልም፣ ግን ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ደስ አይለኝም።

ለወንድምህ ባጃጅ አንድ ስቲከር ሠርቶ መለጠፍ ሌላ ነው፣ መቶ አትሞ መሸጥ ሌላ ነው። ቶም እና ጄሪ ዛሬ የዋርነር ብራዘርስ ንብረት ናቸው። በኛም አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። የሠሪው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። መስመሩን ራስህ በእጅህ ብትስበውም ገጸ ባሕርዩ ያንተ አይሆንም። ደብረ ብርሃን ውስጥ በየባጃጁ የምናየው ስቲከር ብዙ መሆኑ ፈቃድ አያደርገውም።

መሸጥ የሚፈልግ ነጻ የወጡትን ይመልከት። ከላይ የተነሣው የ1928ቱ ሚኪ አሜሪካ ውስጥ ከጥር 2024 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። በ1929 በጋዜጣ የወጣው ፖፓይም በ2025 ተከትሎታል። ሁለቱም እ.ኤ.አ. ነው። ክፍት የሆነው ግን የጥበቃ ጊዜያቸው ባለፈ ሥራዎች ላይ ያለው መልካቸው ብቻ ነው። ገና ከተጠበቀው ከኋለኛው ዘመን ሚኪ መልክ ብትወስድ ወደ ተከለከለው ትገባለህ። የንግድ ምልክት ሕግም ለብቻው አለ፤ ዕቃው ከዲዝኒ የመጣ እንዲመስል ማድረግ አይቻልም።

ኮሎ በኪስ

እህቴ፣ ይህ ለኛ ማተሚያ ቤት ላለነው ጠቃሚ ነው። ደንበኛ ይዞ የሚመጣውን ሁሉ ዝም ብለን ነው የምናትመው።

ሕግ ተማሪዋ

ደንበኛው ይዞት መምጣቱ አታሚውን ከደሙ ንጹሕ አያደርገውም። የሚያትመውም አብሮ ሊጠየቅ ይችላል። ብዛት ያለው ትእዛዝ ሲመጣ ፈቃዱን መጠየቅ ልመዱ።

የጓሳ ቀበሮ

ለዚህ ነው እኔ ከጄሪ ጎን ለጎን የራሳችንን የምሠራው። ጓሳ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ አሉ። ጭላዳ ለቬክተር የተፈጠረ ነው የምለው ከልቤ ነው። ወንዱ ጋማው እንደ ካባ ትከሻው ላይ ይወርዳል። ደረቱ ላይ ያለችው ቀይ ቦታ ብቻዋን ታስታውቀዋለች። ቀይ ቀበሮም ቀይ ጀርባ፣ ነጭ ጉሮሮ፣ ጥቁር የጅራት ጫፍ፤ ሦስት ቀለም ነው። ግን እውነቱን ልናገር፣ የካርቱን እጅ የፈታሁት ቶምን ደጋግሜ ስሥል ነው። የሌላውን ገጸ ባሕርይ እያፈቀሩ መሥራት ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። ማንም ሰው «የራስህን ብቻ ሥራ» ብሎ ልጁን ተስፋ እንዳያስቆርጠው።

ታፔላ ሠሪው

ልክ ነህ ልጄ። እኛም የጀመርነው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እየገለበጥን ነው። መገልበጥ እጅ ያፍታታል።

ጣርማበር

ብርዳም፣ ወደ ሥራው እንመለስ። መቼ ነው የምታስቆርጠው? ከመሄድህ በፊት ስቲከር ቤቱ የትኞቹን ቀለሞች በጥቅል እንዳለው ጠይቅ። ፕሎተር አያትምም፣ ቀለም ያለውን ላስቲክ ነው የሚቆርጠው። ስክሪን ላይ የመረጥከው ቡናማ እዚያ ላይገኝ ይችላል። ያለውን አይተህ ሥዕሉን በሱ ቀለም አስተካክል።

ብርዳም ከተማ

ቅዳሜ ገበያ ስወጣ ነው ያሰብኩት። ጠይቄ ነበር፤ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ቢጫና አንድ ጥቁር ቡናማ ነው ያለው። የጄሪ ቡናማ ፈዘዝ ያለ ነው፣ የለም።

ኮሎ በኪስ

ጥቁር ቡናማውን ለበርኖሱ አድርገው። ጄሪን በቢጫ ሞክረው፤ ፊቱንና ሆዱን በነጭ። ከሩቅ ያምራል። ወይም ደግሞ ቀለም መቁረጡን ተወውና ነጭ ስቲከር ላይ አሳትመህ ዙሪያውን ብቻ አስቆርጥ። ስታሳትም ግን ስክሪን ላይ የምታየው ደማቅ ቀለም ወረቀት ላይ እንደሚፈዝ እወቅ፤ ስክሪን በብርሃን ነው የሚሠራው፣ ማተሚያ በቀለም። ትንሽ ናሙና ቀድመህ አሳትም።

ቀጭን መስመር

እኔ ብሆን ቢጫውን አልመርጥም፣ ጄሪ በቢጫ ሌላ አይጥ ይሆናል። ማሳተሙ ይሻላል። አሳትመህ ዙሪያውን ስታስቆርጥ ምላጩ የሚሄድበት መስመር ከሥዕሉ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ለስላሳ ሆኖ ለብቻው በአንድ ሌየር ይቀመጥ። ሁሉንም ቅርጽ ቅጂ አውጥተህ በኮንትሮል ፕላስ አንድ አድርጋቸው፣ ከዚያ «አውትሴት» በለው። ጆሮና ጭንቅላት መካከል ያለችውን ጠባብ ስንጥቅ ምላጩ እንዳይገባባት ድፈናት።

የጓሳ ቀበሮ

ፋይሉን ስትሠራ ደግሞ ኢንክስኬፕ ላይ አውቶሴቭን አብራው። መብራት በድንገት ሲሄድ ኖድ ከነእጀታው ነው የሚጠፋው። ክፍተቱን ወደ 2 ደቂቃ አውርደው።

ብርዳም ከተማ

አበራሁት። ማሳተሙን መረጥኩ። አንድ የቀረኝ ጢሙ ነው። ባለፈው የተቀደደው እሱ ነበር። ልተወው ወይስ ላወፍረው?

ጣርማበር

አትተወው፣ ጄሪ ያለ ጢም አይሆንም። ዙሪያውን ስታስቆርጥ ጢሙን አትከተል። የመቁረጫው መስመር ጢሙን ከነነጩ ጠቅልሎ ይለፍ፣ ነጩ ይይዘዋል። ሥሩን ወፈር፣ ጫፉን ቀጠን አድርገው። ፋይሉን ሁለት አድርገህ ያዝ፤ አንዱ ኤስቪጂ ለራስህ፣ አንዱ ፒዲኤፍ ለስቲከር ቤቱ። ጽሑፍ ካለበት ፊደሉን ወደ ፓዝ ቀይረው፤ የነሱ ኮምፒውተር ላይ ያንተ የአማርኛ ፎንት ከሌለ ፊደሉ ሳጥን ሆኖ ይወጣል።